ፍላሽ ከመሙላት አንድ አልበም አብሮ መስማት፦ ለድሬ የሙዚቃ ወዳጆች

«እንካ፣ አምስት መቶ ዘፈን አለበት» ብሎ ፍላሽ የሚያቀብል ወዳጅ የሌለው ሰው የለም። እንቀበላለን፣ እናመሰግናለን፣ ኮምፒውተር ላይ እንገለብጣለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን። በቴሌግራም የሚላከውም ዕጣው ያው ነው። የምትወደውን ሙዚቃ ለሰው ማካፈል ከፈለግክ አንድ አልበም ምረጥና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብራችሁ ስሙት። ድሬዳዋ ለዚህ ትመቻለች። ሰዉ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ መቀመጥ ያውቅበታል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚሰማ ጆሮም አይጠፋም።

መጀመሪያ ሰው

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ጨዋታው ሙዚቃውን ይውጠዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ዘፈን የሚወዱ ከሆኑ ደግሞ ተስማምቶ መበተን ነው፣ ስለዚህ ቀላቅል፦ ከከዚራ ጊታር የሚወድ፣ ከመጋላ በሶማሊኛ ካሴት ያደገ፣ ከሳቢያን አዲስ ዘፈን እንጂ ሌላ የማይሰማ ወጣት። ዕድሜው ገፋ ያለ አንድ ሰው ካገኘህ አትልቀቀው። አንተ በቅጂ የደረስክበትን ዘፈን እሱ በወጣበት ሰሞን ሠርግ ቤት ጨፍሮበታል።

አልበሙን መምረጥ

ደንቡ አንድ ነው፦ የተመረጡ ዘፈኖች ስብስብ አይመጣም፣ አንድ ሙሉ ሥራ ይመጣል። የካሴት ዘመን አልበም ሁለት ፊት አለው። ብዙ ጊዜ ገበያ የሚስበው ዘፈን ከፊቱ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ሬዲዮ ያልደጋገመው፣ ሰርግም ላይ ያልተዘፈነው ደግሞ ሁለተኛው ፊት መሀል ተቀብሮ ይገኛል። ሰውን የምትጋብዘው በተለይ ለዚያኛው ነው።

ከየት እንጀምር ለሚል የድሬ ሰው መልሱ ቅርብ ነው። አሊ ቢራ እዚሁ ተወልዶ፣ በ1950ዎቹ እዚሁ በተቋቋመው በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ አድጎ፣ በጥቅምት 2015 ካረፈ በኋላም እዚሁ ተቀብሯል። በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በሐረሪ፣ በአማርኛና በሶማሊኛም ዘፍኗል፤ ስለዚህ የእሱ ካሴት ቤቱ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው በሙሉ ይነካል። ወደ ሸክላው ዘመን መሄድ የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ከጀመረው ከሸክላ አሳታሚው አምሐ ሬከርድስ ይነሳ። ኦርጅናሉን ሸክላ ማግኘት ይከብዳል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸው የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ግን ከዚያ ዘመን ብዙ ሥራ መልሰው አውጥተዋል፣ ማብራሪያ ያለው ትንሽ መጽሐፍም አብሯቸው አለ።

የካሴቱን ሽፋን ይዘህ ና። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ የሚነግርህ እሱ ነው። ስልክ ላይ የሚገኘው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የዘፋኙን ስም ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ያቀናበረው ሰው ደብዛው ይጠፋል። እኔ እንደሚመስለኝ የብዙ አልበም ጣዕም ያለው ግን እዚያ ቅንብሩ ላይ ነው።

ካሴቱን ማሰናዳት

ይሄ ሥራ ከቀኑ አስቀድሞ ያልቃል፤ እንግዳ ተቀምጦ ቴፕ አይፈታም።

ካሴቱን ብርሃን ላይ ያዝና በመስኮቱ በኩል ተመልከት። ጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ካለ ቴፕ ውስጥ አትክተተው፤ ሻጋታው ወደ ማጫወቻው፣ ከዚያም ወደሌላው ካሴት ይሻገራል። ቀጥሎ ክሩ የሚታይበትን ክፍት ጠርዝ አገላብጠህ እይ። መሀል ላይ፣ ከክሩ ጀርባ፣ በቀጭን ብረት የተያዘች ትንሽ ስፖንጅ አለች። ክሩን ከማጫወቻው ራስ፣ ማለትም ድምፁን ከሚያነበው ክፍል ጋር የምታጣብቀው እሷ ናት። ወድቃ ከሆነ ድምፁ ከብርድ ልብስ ስር የሚመጣ ይመስላል፤ ያኔ ክሩን በብሎን ወደሚፈታ የሌላ ካሴት ፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ማዛወር ነው። ክሩ የላላ ከሆነ የቢክ እስክሪቢቶህን ጥርሱ ውስጥ አስገብተህ አጥብቅ። ብዙ ዓመት ሳይሰማ የቆየን ካሴት ደግሞ ከማጫወትህ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደፊት ጠቅልለህ መልሰው። የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ጥቅልሉም ይስተካከላል።

የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል ጥረግ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪሆን ድገመው፣ በደንብ እስኪደርቅም ጠብቅ። ዘፋኙ የደከመው ከመሰለ ግን ጥፋቱ የቆሻሻ አይደለም፤ የቴፑ ላስቲክ ላልቷል፣ ይቀየር።

ካሴቱ ላይ ከክፍቱ ጠርዝ በተቃራኒ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አሉ። እነሱን ሰብረህ አውጣቸው። አንድ ሰው ተሳስቶ የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫን እንኳ አይቀዳበትም።

የድሬን ሙቀት አትርሳ። ካሴትም ሸክላም መኪና ወይም ባጃጅ መስታወት ስር ከተውከው ትርፉ መጣመም ነው። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጣል እንጂ አይደራረብም። ካሴትን ስፒከር ላይ የማስቀመጥ ልማድም ይቅር፤ የስፒከሩ ማግኔት የተቀዳውን ያበላሻል።

ለራስህ የኮምፒውተር ቅጂ ለማስቀረት ካሰብክ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ገመድ ዘርጋ። የብዙ ላፕቶፕ አንዷ ቀዳዳ የምትቀበለው የማይክ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ግራና ቀኙን አንድ አድርጋ ትቀዳለች። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ስቴሪዮ የሚያስገባ የድምፅ ካርድ ይሻላል። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለመቅዳቱ ይበቃል። ከአልበሙ በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልገህ ከፍታው ከ‑6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አስተካክል፣ ከዚያ አንዱን ፊት ሳታቋርጥ ቅዳ። በዌቭ ፎርማት በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል። ከዘፈኑ ጀርባ የሚሰማውን የካሴት ሹክሹክታ አጠፋለሁ ብለህ ግን ድምፁን አትላጨው። ከሹክሹክታው ጋር የሲምባሉና የክራሩ ጫፍ አብሮ ይሄዳል፤ እንደዚያ «ጸድተው» ቆርቆሮ የሆኑ የድሮ ዘፈኖች ሞልተዋል።

ቀኑና ሰዓቱ

ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት አትጥራ። ሙቀቱ አለ፣ ሙቀቱ ካለ ቬንትሌተር ይከፈታል፣ ቬንትሌተር ከተከፈተ ደግሞ ዝግ ያለው ዘፈን አለቀለት። ግቢ ውስጥ ጥላ ስር መቀመጥ ይሻላል። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ፊት 30 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን ፊት ከመግሪብ በፊት ጨርሱ፣ አዛን ሲል ዝጉ፣ የሚሰግደው ሰግዶ ሲመለስ ሁለተኛው ፊት ይቀጥላል። ረመዳንና ሁዳዴ ሲሆን ሰውን አታስቸግር፣ ይለፍ።

ሻይ፣ ሳምቡሳና ሙሸበክ ይበቃል። በርጫ ካለ ደግሞ ቶሎ ጀምሩ፤ ምርቃና ከገባ በኋላ ሁሉም ያወራል እንጂ የሚሰማ አይገኝም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ይኑር፣ ድንጋዩም አዲስ ይሁን።

ሲጫወት

አልበሙን ያመጣው ሰው ሁለት ደቂቃ ያውራ፦ ማን እንደተጫወተው፣ መቼ እንደወጣ፣ እሱ እጅ እንዴት እንደገባ። ግማሹ ሰው በማይሰማው ቋንቋ የተዘፈነ ከሆነ የእያንዳንዱን ዘፈን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ይንገር፣ ዘፈኑ ላይ ግን አይተርጉም። አንዴ ከተጀመረ ዝም ይበል። «ቆይ፣ አሁን የምትመጣውን ስሙ!» እያለ በየደቂቃው የሚቆም ባለቤት ያመጣውን ሙዚቃ ራሱ ይሸፍነዋል። አቦ፣ ተወን እንስማበት!

ስልክ ይገልበጥ፣ ዘፈን አይዘለል። ፊቱ ሲያልቅ «እንዴት ነው? አሪፍ ነው?» ብለህ አትጠይቅ፣ መልሱ «አሪፍ ነው» ብቻ ነው። «ኡዱን ሰማችሁት? የት ላይ ዝም አለ?» ብለህ ጠይቅ። በምሥራቁ ዘፈን ውስጥ ኡድ ድምፃዊውን ተከትሎ ይሄዳል፣ አልፎ አልፎ ይቀድመዋል፣ ይህን የሚያስተውለው አንድ ጊዜ የተነገረው ሰው ነው። ወይም አንዱን ዘፈን ድጋሚ ከፍታችሁ ሁላችሁም ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ። ዘፈኑን በልቡ የሚያውቅ ሰው እንኳ አዲስ ነገር ያገኛል።

ማዋስና መቅዳት

ወሰደ፣ ቀኑ፣ መለሰ የሚል ትንሽ ደብተር ያዝ። ወዳጅነትን የሚያሻክረው ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ያልተመለሰ ካሴትም ነው።

ቅጂን በተመለከተ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያደርግ አይከለክልም። ለግሩፕ በሙሉ መልቀቅና መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አልበሙ አሁንም ገበያ ላይ ካለ የወደደው ሰው ይግዛ፣ ወይም የድምፃዊውን የራሱን የዩቲዩብ ገጽ ላክለት። ከገበያ የጠፋውን ኦርጅናሉን አውሰው፣ ወይም እንደገና ጥራው።

ከመበተናችሁ በፊት ቀጣዩን ተራ በዕለቱ አልበም ላይ አጥብቆ ለተከራከረው ሰው ስጡት፤ የሚያመጣው ነገር ስላለው ነው የተከራከረው። ቤቱ ቴፕ ከሌለ ያንተን ይዘህለት ሂድ፣ ድንጋዩንም ጨምር።