ፕሪፔይድ ካርዳችሁ ዲክላይንድ ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ከማርቆስም ከባህር ዳርም ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሊከፍሉ የዶላር ፕሪፔይድ ካርድ ያወጡ ልጆች ዲክላይንድ (ክፍያው አልተፈቀደም) እያለ አስጨነቀን ይሉኛል፣ አብዛኛው በቀላሉ የሚፈታ ነው። ካርዱ ከባንክ ሂሳባችሁ ጋር አልተያያዘም፣ የጫናችሁትን ብቻ ነው የሚያወጣው፣ እኔ የምወደውም ለዚህ ነው፣ ቁጥሩ ቢሰረቅ እንኳ ቁጠባችሁን ማንም አይነካውም።

ገንዘብ አለው ግን አይከፍልም
ክፍያው 50 ዶላር ሆኖ ልክ 50 ጭናችሁ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ኮሚሽን አለ፣ ክፍያው በዩሮ ወይ በፓውንድ ከሆነ የምንዛሬ ተጨማሪ አለ፣ አንዳንዱ ሳይት ደግሞ ካርዱ የሚሰራ መሆኑን ለማየት 1 ዶላር ምናምን ይይዛል። ስለዚህ ትንሽ ትርፍ አድርጋችሁ ጫኑ። እምቢ ሲል ደግሞ አስር ጊዜ አትነካኩት፣ ሲስተሙ ሌባ መስሎት ይዘጋውና ከብቸና ወይ ከሞጣ ተነስታችሁ ለማስከፈት መመላለስ ነው። ኦንላይን ክፍያ እንደተከፈተላችሁም ባንኩን ጠይቁ።

ኤክስፓየርድ ይላል
ካርዱ ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች ነው፣ ወሩ ይቀድማል ዓመቱ ይከተላል። 09/25 የሚል ካርድ የሚሰራው እስከ መስከረም 20 ቀን 2018 ነበር፣ በኛ አቆጣጠር 2025 እስኪደርስ ገና ብዙ አለው ብሎ ያስቀመጠ ሰው አለ። አሳድሱት።

ስሙን አይቀበልም
ካርዱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል አስገቡ፣ የአያት ስም ካለበት አትዝለሉት። አድራሻም ባንኩ ጋር ያስመዘገባችሁትን።

ኮዱ አይመጣም
ስትከፍሉ ለማረጋገጫ የምትጠየቁት ኮድ የሚላከው ባንኩ ጋር ባለው ስልክ ቁጥር ነው፣ ሲም ከቀየራችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አስቀይሩ። እኛ ጋር ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው፣ ዋይፋይ ስላለ ብቻ ክፍያ አትጀምሩ፣ ስልኩ ሲግናል ከሌለው ሜሴጁ አይገባም፣ ሲገባም ጊዜው አልፎበታል። መጀመሪያ ሜሴጅ እንደሚገባላችሁ አረጋግጡ። እና እባካችሁ ኮዱን ከባንክ ነው የምደውለው ለሚል ሰው እንዳትነግሩ፣ እውነተኛ የባንክ ሰራተኛ አይጠይቃችሁም!

ሳልከፍል ሂሳቤ ቀነሰ
ሆቴል ቡክ ስታደርጉ ማስያዣ ይታገታል፣ ካልተወሰደ በቀናት ውስጥ ይለቀቃል። ተመላሽ ገንዘብ ግን በአብዛኛው የሚገባው በከፈላችሁበት ካርድ ስለሆነ ባዶ ሆነ ብላችሁ ካርዱን እንዳትጥሉት።