ላፕቶፑን ከመክደናችሁ በፊት ሚሞሪ ካርዱን አውጡ

ሰርግ የምትቀርጹ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ወዳጄ ፎቶ ቤት ነበርኩ። የድሬ ሙቀት ሲበረታ ላፕቶፑን ከድኖ ለምሳ ወጣ፤ ካርዱ እንደተሰካ። ሲመለስ ላፕቶፑን ሳይከፍት ካርዱን ነቅሎ ካሜራው ውስጥ ከተተ። ጥቂት ፎቶ አንስቶ መልሶ ሰካው። ከዚያ ፎቶዎቹ አልከፈት አሉ። የፎልደሩ ስም ራሱ የማይነበብ ምልክት ሆነ። የሰው ሰርግ ነው፣ አይደገም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ሲከደን ስሊፕ (እንቅልፍ) ይገባል። ያኔ ካርዱ ላይ ምን የት እንዳለ የሚያሳየውን ዝርዝር ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ላይ እንደያዘ ይተኛል። ሲነቃ በዚያው በድሮው ሊቀጥል ይችላል። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ለምሳሌ የዩኤስቢ ዕቃን የሚለየው በመለያ ቁጥሩ ነው። ካርድ ሪደሩ (ካርዱ የሚሰካበት) ያው ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ካርድ መቀየሩን ወይም ካሜራ ላይ አዲስ ነገር እንደተጻፈበት ላያውቅ ይችላል። ከዚያ አሮጌውን ዝርዝር አዲሱ ላይ ይጽፍበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኢጀክት (ካርዱን ከመንቀላችሁ በፊት በኮምፒውተሩ በኩል ማላቀቅ)፣ ከዚያ ክዳን። ዊንዶውስ ላይ ከታች በቀኝ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የዩኤስቢ ምልክት ተጫኑ።

ኮፒ እያደረጋችሁ ሪደሩ በራሱ ጥፍት ብልጭ የሚል ከሆነ ደግሞ፣ ዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን (ባትሪ ለመቆጠብ ዩኤስቢውን የሚያስተኛውን) አጥፉት። ባትሪ ትንሽ ይበላል፣ ይብላ።

ካርዱ አንዴ ከተበላሸባችሁ ፎርማት አታድርጉት፣ ሌላ ፎቶም አታንሱበት። የጠፉ ፎቶዎችን ከካርድ የሚያወጣ ፎቶሬክ (PhotoRec) የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። የሚያወጣውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።