ቦይለር አውርደው ኢንስታንት ሊሰቅሉ ነው? እኔ የተሳሳትኩትን አይሳሳቱ

ባለፈው ክረምት አሮጌው ቦይለራችን ከሥሩ ዝጎ ማንጠባጠብ ጀመረ። የቧንቧ ሠራተኛው አየት አደረገውና «ይሄ አልቆለታል» አለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ታንከር የሌለውን፣ ውሃውን እያሳለፈ እዚያው የሚያሞቀውን ኢንስታንት ለመግዛት ሰበብ ስፈልግ ነበር። በማግስቱ ገዛሁ። ጥፋቴም እዚያ ጋ ጀመረ፤ ዕቃውን አስቀድሜ ስለ ቤቱ ያሰብኩት በኋላ ነው።

ትልቁ ስህተት ሽቦውን ሳያዩ መግዛት ነው። ቦይለራችን 1.5 ኪሎዋት ነበር፤ 7 አምፒር ገደማ ይስባል። አዲሱ 5.5 ኪሎዋት ነው። በ220 ቮልት 25 አምፒር ማለት ነው። ለቦይለር ተብሎ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይሄን አይችልም። እኔ ግን «ሽቦ ሽቦ ነው» ብዬ እዚያው ላይ አስቀጠልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሻወር ገባሁ። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። ፀጉሬን ሳሙና እንዳደረግኩ መብራቱ ድርግም አለ። ውሃው በረዶ ሆነ። ከማድ ቤት «ማነው ሻወሩን የከፈተው?» የሚል ድምፅ መጣ። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለተኛ ስህተት ይሠራል። «ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ፣ በትልቅ ቀይርልኝ» ይላል። ብሬከሩ የሚወርደው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በትልቅ ሲቀይሩት ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ዝም ብሎ ይግላል፤ ሽታው ሲመጣ ረፍዷል። መጀመሪያ ሽቦው ይቀየር። ለእንደኔ ዓይነቱ ከዋናው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና የራሱ ባለ 32 አምፒር ብሬከር ይበቃዋል። ተራ ሶኬት ላይ መሰካትማ አይታሰብም።

አርዝ፣ ማለትም ያፈሰሰ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የሌለው ቤት ውስጥ መስቀል ደግሞ ስህተት ብቻ አይደለም፣ በሕይወት መቀለድ ነው። አሮጌ ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የተዘረጋው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። «ትንሽ ትነዝራለች እንጂ ምንም አትልም» እያሉ የሚስቁ ሰዎች አውቃለሁ። እግርዎ ውሃ ውስጥ ነው፣ እጅዎ ብረት ይዟል፤ ትንሽ የሚባል ነገር የለም። አርዝ ያስቀብሩ። በዚያ ላይ 30 ሚሊአምፒር ያህል ኮረንቲ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠውን መከላከያ ያስገጥሙ። እዚህ ላይ ብር አይቆጥቡ።

ቀጥሎ የውሃው ግፊት። ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነው። ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ 0.2 ባር ይሰጣል። ብዙዎቹ ኢንስታንቶች በዚህ አይነሱም። ውሃው ይፈሳል፣ ዕቃው ግን ዝም። ሰውየው ተበላሽቷል ብሎ ሱቅ ይመልሰዋል። ሳይገዙ በፊት ዝቅተኛው ግፊት ስንት እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ያንብቡ፤ ካልበቃ ፓምፕ ያለውን ይምረጡ።

የውሃውን መጠን መዘንጋትም አለ። በደቂቃ 1 ሊትር የሚፈስ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 70 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ውሃው 15 ዲግሪ ሆኖ እርስዎ 40 ከፈለጉ፣ 5.5 ኪሎዋት የሚያሞቀው በደቂቃ 3 ሊትር ያህል ነው። በቂ ነው፣ ግን እንደ ዝናብ አይወርድም። ሰፊ የሻወር ራስ ገዝቶ «ለብ እንኳ አይልም» ማለት ዕቃውን ማማት ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ «እኛ ጋ እኮ ሁለት ሻወር በአንዴ ይከፈታል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የእሷ በጋዝ የሚሠራ ነው፤ ትልልቆቹ እስከ 199,000 ቢቲዩ በሰዓት፣ ማለትም 58 ኪሎዋት ገደማ ይደርሳሉ። የእኔን ከአሥር እጥፍ በላይ። እሷን ሰምተው አይግዙ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃው ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ጭቃ መሰል ውሃ። ያኔ ኢንስታንቱን ከለኮሱት ኤለመንቱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ደርቆ ሊቃጠል ይችላል። ሌላ ቧንቧ ከፍተው ውሃው እስኪጠራ ይጠብቁ። መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም አልፎ አልፎ ፈትተው ይጠቡ። እኔ በሁለተኛው ወር ስፈታት ቀይ አፈርና የቴፍሎን ቁራጭ ሞልቷት ነበር። ለካ ውሃው የቀጠነው በእሷ ነው።

የመብራት ሒሳቡ በግማሽ ይወርዳል ብለውም አይጠብቁ። ያንኑ ውሃ ለማሞቅ የሚፈልገው ኃይል ያው ነው። የሚቀረው ቦይለሩ ተለኩሶ ሲውል በከንቱ የሚያባክነው ሙቀት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቦይለር ለሰዓታት ሙቅ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ኢንስታንት ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የእርስዎ ቦይለር ታንከሩ ደህና ሆኖ ኤለመንቱ ብቻ ከሆነ የሞተው፣ እሱን ቀይረው ቢቀጥሉ አልታዘብዎትም።

አሮጌውን ሲያወርዱ መብራቱን ቆርጠው ውሃውን እስከ መጨረሻው ያፍስሱ። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው፤ ብረቱ ሲጨመርበት መሰላል ላይ የሚሸከሙት አይደለም። የእኛን ቆራሌው ወሰደው፣ ከጠበቅኩት በላይ ከፍሎ።

ሽቦውን በመጨረሻ አስቀየርኩ። የዋናው መስመር አቅም ግን ያው ነው፤ ምጣዱንና ሻወሩን አንድ ላይ አይችልም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ፎጣዬን ይዤ ማድ ቤት በር ላይ እቆማለሁ። «ስንት እንጀራ ቀረሽ?»