የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ሲታዘዝልዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሳሉ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ «ጂን ኤክስፐርት» ብሎ ጻፈና ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አስይዞ ላከዎ።

ጂን ኤክስፐርት አክታ የሚመረምር ማሽን ነው፤ በሁለት ሰዓት ገደማ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። አክታው ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ አለ ወይ? ካለስ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት ተላምዷል ወይ፣ ማለትም መድኃኒቱ አልገድለው ብሏል ወይ? ድሮ ሁለተኛውን ለማወቅ ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ግድ ነበር። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት ማሽኑ ሥራ ላይ እንዲውል የመከረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ስህተት የሚበዛው ግን አክታው ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊትና ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ምራቅ ሰጥቶ መሄድ። በልጅነታችን «ሰው ፊት አይተፋም» ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ጥግ ይይዝና ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ አረፋ የመሰለ ምራቅ ጠብ አድርጎ ዕቃውን ይመልሳል። ምራቅ ውስጥ ባክቴሪያው በጣም ጥቂት ነው፤ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል። ማሽኑ ያልሰጡትን ከየት ያመጣል?

የሚፈለገው ከደረት የወጣ፣ ወፈር ያለ አክታ ነው። የምግብ ፍርፋሪ እንዳይቀላቀል መጀመሪያ አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ። ከዚያ ነፋስ ወዳለበት ደጅ ይውጡ። ሽንት ቤት ውስጥ ወይም ሰልፉ መሃል አይሁን፤ ሌላውን ሰው ያስይዛሉ። ሁለት ሦስቴ በረጅሙ አየር ይሳቡ፣ ትንሽ ያዝ ያድርጉት፣ ከዚያ ከሥር አድርገው ይሳሉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ከወጣ ጥሩ ነው። ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረው፣ ጠዋት እንደተነሱ የሚወጣው ይመረጣል። እምቢ ካለዎ «አልመጣልኝም» ብሎ ለባለሙያው መናገር ነውር አይደለም። ሕፃናት አክታ ማውጣት ስለማይችሉ በሰገራም መመርመር ይቻላል፤ ይህን ብዙ ወላጅ አያውቅም።

አስቀድሞ ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቶ መዋጥ። ሲፕሮና ዘመዶቹ የሆኑ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የቲቢውን ባክቴሪያ በከፊል ያዳክሙታል። ሳሉ ጋብ ይላል፣ ምርመራው ይዘገያል፣ ባክቴሪያው ደግሞ መድኃኒት መላመድን ይለማመዳል። ውጠው ከሆነ ለሐኪሙ አይደብቁ።

ውጤቱን ገልብጦ ማንበብ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያ ባክቴሪያው «ዲቴክትድ» ይላል፤ ተገኝቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የሪፋምፒሲን መላመድ «ኖት ዲቴክትድ» ይላል። «ኖት» የምትለዋን ብቻ አይቶ «ተመስገን፣ ነፃ ነኝ» ብሎ የሚሄድ ሰው አለ። እኮ ቲቢ አለበት! መድኃኒት ሳይጀምር ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ያድራል። ወረቀቱን ራስዎ ቢያነቡትም ሐኪሙ ጋ ይመለሱ።

«ኢንዲተርሚኔት» ከተባለ መላመዱ አልለየም እንጂ ተላምዷል ማለት አይደለም። «ኤረር» ወይም «ኢንቫሊድ» ደግሞ ምርመራው ስላልተሳካ አዲስ አክታ ይፈለጋል ማለት ነው። አልትራ በሚባለው አዲሱ ካርትሪጅ (አክታው ተጨምሮበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ) «ትሬስ» የሚል ሊመጣ ይችላል። ባክቴሪያው በጣም ጥቂት ስለሆነ መላመዱን መለየት አልተቻለም ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ቲቢ ታክመው ከነበረ የድሮው ቅሪት ሊሆን ስለሚችል፣ ያንን ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

«ሪፋምፒሲን ይሠራል» ሲባል ሁሉም ይሠራል ማለት። የተለመደው ካርትሪጅ የሚያየው ሪፋምፒሲንን ብቻ ነው። ሌላውን ዋና የቲቢ መድኃኒት፣ አይሶናይዚድን፣ አያይም። ለእሱ ሌላ ምርመራ አለ። መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰዱ ካልተሻለዎ ይህን ያንሱ።

ሕክምና ላይ ሆኖ «ድኜ እንደሆነ በጂን ኤክስፐርት እዩልኝ» ማለት። ማሽኑ የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ነው፤ የሞተውን ከቆመው አይለይም። እየዳኑም ሳለ «አለ» ሊል ይችላል። ክትትሉ በማይክሮስኮፕና በካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ በማሳደግ፣ ነው።

«ተላምዷል» ሲባል መጥፋት። ሰው ስለ ድሮው ሕክምና ሰምቷል፤ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ፣ መርፌም ያለበት። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙዎቹ ታካሚዎች የሚመክረው የስድስት ወር ሕክምና ነው፤ ሁሉም በአፍ የሚወሰድ። ኢትዮጵያ ውስጥ በመንግሥት ተቋማት የቲቢ ሕክምና በነፃ ነው። ከዚህ በፊት ቲቢ ታክመው የማያውቁና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት ሰው አጠገብዎ ያልነበረ ከሆነ፣ ሐኪሙ በአዲስ አክታ ምርመራውን ሊደግመው ይችላል። የቤተሰቡም መመርመር አይቀርም።

ላብራቶሪ ውስጥም ስህተት አለ። አክታውን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ከአክታው ጋር ተቀላቅሎ 15 ደቂቃ መቆየት ሲገባው፣ ወረፋ በዝቶ ቶሎ ቶሎ ማለት አንዱ ነው። ማሽኑ አቧራና ሙቀት አይወድም። ካርትሪጆቹም ከ2 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለባቸው። ምርመራው ተጀምሮ መብራት ከጠፋ ደግሞ ያቺ ካርትሪጅ ተጣለች ማለት ነው፤ በአዲስ መጀመር ነው። «ነገ ይምጡ» ሲሉዎት አንዳንዴ ምክንያቱ ይሄው ነው።