የቁርጠት ኪኒን ለአይ ቢ ኤስ፦ አወሳሰዱና ጥንቃቄው

ሐኪም ሕመምዎ አይ ቢ ኤስ (ሆድ እየቆረጠ ተቅማጥ ወይም የሆድ ድርቀት የሚያመላልስ የአንጀት ሕመም) ነው ብሎ የቁርጠት ማስታገሻ ካዘዘልዎት፣ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ያስተካክሉ። ኪኒኑ የተኮማተረ የአንጀት ጡንቻ ያላላል፤ ሌላ ሥራ የለውም። አንጀት ደግሞ ምግብ ሲገባ ይበልጥ ስለሚኮማተር፣ ሆድ ከቆረጠ በኋላ የተዋጠ ኪኒን ብዙውን ጊዜ ይዘገያል።

ሜቤቨሪን ባለ 135 ሚሊ ግራም ለአዋቂ 1 ኪኒን በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ 20 ደቂቃ በፊት ይወሰዳል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ሰዓቱ ሲደርስ መጀመሪያ ኪኒኑን በውኃ ውጠው፣ 20 ደቂቃ ታግሠው ይመገቡ። ያለፈውን የጠዋት ኪኒን ለማካካስ ሁለት ባንዴ አይዋጥም፤ በጾም ወቅት ስንት ጊዜ እንደሚወስዱ አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሃዮሲን (ባስኮፓን) ባለ 10 ሚሊ ግራም በ1 ኪኒን፣ በቀን 3 ጊዜ ይጀመራል። ካልበቃ ሐኪሙ እስከ 2 ኪኒን በቀን 4 ጊዜ ሊያደርሰው ይችላል። አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሽንት ይይዛል፤ የሆድ ድርቀት ላለበት ሰው ደግሞ ድርቀቱን ያብሳል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም)፣ የፕሮስቴት እብጠት ወይም የልብ ምት መፍጠን ካለብዎት ሳይናገሩ አይግዙ። ላብ ሊቀንስ ስለሚችል ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚወርድ ሰው ፀሐይ ላይ ብዙ አይቆይ። ከፕላሲል (የማስመለስ ማስታገሻ) ጋር መውሰድም ትርፍ የለውም፦ አንዱ አንጀትን ያዘገያል፣ ሌላው ያፈጥናል።

በመንዝና በተጉለት ባቄላና አተር ከቤት አይጠፋም። ንፍሮ በልቶ ሆዱ የተነፋ ሰው ኪኒን ቢጨምር ጋዙ አይወጣለትም። ለሁለት ሳምንት ባቄላ፣ አተርና ሽንኩርት ቀንሰው ልዩነቱን ይዩ፤ ሽሮም ከዚሁ ይቆጠራል።

ሕመሙ ሲበርድ ኪኒኑ ይቆማል፣ ሲነሣ ይጀመራል። ሁለት ሳምንት በየቀኑ ወስደው ለውጥ ከሌለ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ እንጂ «አሜባ ይሆናል» ብለው ያለ ሰገራ ምርመራ ፍላጂል (የአሜባ መድኃኒት) አይደጋግሙ። ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ወይም ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመረ የሆድ ለውጥ ካለ ግን ማስታገሻውን ትተው በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይታዩ። ሆድ ተነፍቶ ሰገራም ፈስም ከቆመና ማስመለስ ከመጣ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።