የክሩዝ ካርድ ፖይንት፦ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ ላይ እየኖሩ የሚደረግ የመዝናኛ ጉዞ፣ የፈረንጅ ጡረተኛ መዝናኛ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለው ሐበሻ መኪናውን ነድቶ ባልቲሞር ወደብ ያቆምና ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ቤርሙዳ ይሳፈራል። ሲያትል ላለው ደግሞ የአላስካው መርከብ ከደጁ ነው የሚነሳው። ለአራት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት የለም። ምግቡ ዋጋው ውስጥ ነው። ልጆችም የሚውሉበት አያጡም። ታዲያ ልትከፍሉ ስትሉ ማስታወቂያው ብቅ ይላል፦ «የኛን ካርድ አውጡ፣ ይህን ያህል ሺህ ፖይንት ውሰዱ።»

ካርዱ በራሱ ክፉ አይደለም። ከክሩዝ ኩባንያዎቹ ሮያል ካሪቢያንና ኖርዌጂያን በባንክ ኦፍ አሜሪካ በኩል፣ ካርኒቫልና ፕሪንሰስ ደግሞ በባርክሌይስ በኩል ሲያወጡት ቆይተዋል። ብዙዎቹ ዓመታዊ ክፍያ አይጠይቁም። ነገር ግን ፖይንቱ አንድ ሱቅ ብቻ የሚቀበለው ገንዘብ ነው። የሚከስረው ይህን የረሳ ሰው ነው።

ለሁሉም ነገር እሱኑ ካርድ መምዘዝ

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ሂሳቡን እንሥራው። የተለመደው አሠራር ለኩባንያው ለሚከፈል 1 ዶላር 2 ፖይንት፣ ሌላ ቦታ ለሚወጣ 1 ዶላር ደግሞ 1 ፖይንት ነው። ፖይንቱን በደህናው መንገድ ስትመነዝሩት አንዱ 1 ሳንቲም ይሆናል። ማለትም 5,000 ፖይንት 50 ዶላር ነው።

ቤታችሁ በወር ለአስቤዛ 800 ዶላር ያወጣል እንበል። በዓመት 9,600 ዶላር። በክሩዝ ካርድ ከከፈላችሁ 9,600 ፖይንት፣ ማለትም 96 ዶላር ታገኛላችሁ። እንደ ሲቲ ደብል ካሽ ወይም እንደ ዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ ያለ፣ ለማንኛውም ግዢ 2 በመቶ የሚመልስ ተራ ካርድ ግን 192 ዶላር ይሰጣችኋል። ያውም በጥሬው። በዚያ ገንዘብ ስልክ መክፈል ይቻላል፣ ከፈለጋችሁም ክሩዝ መሄድ ይቻላል። ኡበር ወይም ታክሲ ለምትነዱ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለጋዝ 3 በመቶ የሚመልሱ ካርዶች እያሉ በ1 በመቶ ታንክ መሙላት ገንዘብ መጣል ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገርም አለ። መርከቡ ላይም ቢሆን 2 ፖይንት ማለት 2 በመቶ ነው። የ4,000 ዶላር ክሩዝ በእነሱ ካርድ ብትከፍሉ 8,000 ፖይንት፣ ማለትም 80 ዶላር ነው። በተራው ካርድም 80 ዶላር። እኩል ነው! እንደ ኖርዌጂያን ለራሱ ጉዞ 3 ፖይንት የሚሰጥ ካርድ ግን ትንሽ ይሻላል። ስለዚህ የክሩዝ ካርድ ትልቁ ጥቅም መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው ቦነስ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ቢከርም የሚቀርባችሁ ነገር ጥቂት ነው።

ቦነሱን ያለጊዜው መጀመር

ቦነሱ ብዙ ጊዜ «በ90 ቀን ውስጥ 1,000 ዶላር አውጡ፣ 25,000 ፖይንት ውሰዱ» የሚል ዓይነት ነው። 250 ዶላር መሆኑ ነው፣ አይናቅም። ሰዉ ግን ቦታ በያዘበት ማታ ካርዱን ያወጣና 1,000ውን ለመሙላት የማያስፈልገውን ቴሌቪዥን ይገዛል።

የክሩዝ ዋጋ የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ዲፖዚት ትከፍላላችሁ። ቀሪው መርከቡ ከመነሳቱ በፊት፣ እንደ ጉዞው ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 120 ቀን ሲቀረው ይከፈላል። ካርዱ ከዚህ ከሁለተኛው ክፍያ ትንሽ ቀደም ብሎ እጃችሁ ከገባ ክፍያው ራሱ 1,000ውን ይሞላዋል። ፖይንቱ የሚገባው ስቴትመንቱ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ለመመንዘሪያም ጊዜ ይተርፋችኋል። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ካርድ ያወጣ ሰው ፖይንቱ የሚደርሰው ከጉዞ ተመልሶ ልብስ ሲያጥብ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ሁለተኛውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የክፍላችሁን ዋጋ ደግማችሁ እዩ። ዋጋው ከወረደ ብዙ ኩባንያዎች አሜሪካ ውስጥ ለተያዘ ቦታ እስከዚያ ቀን ድረስ ያስተካክላሉ። አንድ የስልክ ጥሪ 200 ዶላር ካስቀነሰላችሁ 20,000 ፖይንት አገኛችሁ ማለት ነው።

ለአገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ በካርዱ መላክ

ይሄ በእኛ ሰው ዘንድ የሚያጋጥም ነው። «ለእናቴ በየወሩ መላኬ አይቀርም፤ በካርዱ ልላከውና ቦነሱን ልሙላበት» ይባላል። ሐሳቡ ብልጠት ይመስላል። ችግሩ ብዙ ባንኮች በክሬዲት ካርድ የተላከን ሐዋላ እንደ ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም በካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንደተበደራችሁ ነው የሚቆጥሩት። ካሽ አድቫንስ ፖይንት አያስገኝም፣ ለቦነሱም አይቆጠርም። ከላዩ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ይቆረጥበታል። ወለዱም የቢሉን ቀን አይጠብቅም፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ገንዘቡን ከባንክ ሂሳባችሁ ላኩት።

ወለድ እየከፈሉ ፖይንት መልቀም

እዚህ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። 3,000 ዶላር ለኩባንያው ከፍላችሁ 6,000 ፖይንት፣ ማለትም 60 ዶላር አገኛችሁ። ዕዳውን በ22 በመቶ ወለድ አንድ ወር ብቻ ብታሳድሩት ወደ 55 ዶላር ይሄዳል። በሁለተኛው ወር መርከቡ እናንተን መጫኑ ቀርቶ እናንተ መርከቡን ትሸከማላችሁ። እቁባችሁ የሚወጣበትን ወር አስልታችሁ ክፈሉ፤ ካልሆነ ቦታውን አትያዙ።

«የሁላችሁንም እኔ ልክፈል»

አሥር ጓደኛሞች ክሩዝ ሊሄዱ ተስማሙ። በነፍስ ወከፍ 900 ዶላር። አንዱ ደፋር «ሁሉንም በእኔ ካርድ እከፍላለሁ፣ በዜል ትልኩልኛላችሁ» ይላል። 9,000 ዶላር፣ 18,000 ፖይንት፣ ማለትም 180 ዶላር። ዋትስአፑ ላይ ጭብጨባ ነው።

ከዚያ ስድስቱ በሳምንቱ ይልካሉ። ሁለቱ «ደሞዝ ሲገባ» ይላሉ። አንዷ ፈቃድ ተከለከለች። ሁለተኛው ክፍያ አልፎ ከሆነ ኩባንያው ከገንዘቧ ቅጣት ይቆርጣል፣ ጉዞው ከቀረበ ደግሞ ሙሉውን ያስቀራል። ቢሉ ያለው ግን በእናንተ ስም ነው። ለ180 ዶላር ሲባል በ900 ዶላር መቀያየም አለ። የግድ እናንተ የምትከፍሉ ከሆነ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ተቀበሉ። ይሉኝታ ፖይንት አያስገኝም።

በኤጀንት በኩል ከፍሎ ድርብ ፖይንት መጠበቅ

ካርዱ 2 ፖይንት የሚሰጠው ክፍያው ከኩባንያው የመጣ መሆኑን ሲያይ ነው። ባንኮች ነጋዴን የሚለዩት በአራት አሃዝ ኮድ ነው፦ የመርከብና የክሩዝ ድርጅት 4411፣ የጉዞ ወኪል 4722። የሠፈራችሁ ትራቭል ኤጀንት ካርዳችሁን በራሱ ማሽን ካስከፈለ ስቴትመንታችሁ ላይ የሚወጣው የእሱ ስም ነው። ያኔ 1 ፖይንት ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቁጥሩን ለኩባንያው አስተላልፎ ካስከፈለ ግን ችግር የለም። ከመክፈላችሁ በፊት «ስቴትመንቴ ላይ የማን ስም ነው የሚወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። በቂ ነው።

ሁሉን ቀድሞ ከፍሎ ኦንቦርድ ክሬዲት ይዞ መሳፈር

ብዙ ሰው ፖይንቱን የሚመነዝረው በኦንቦርድ ክሬዲት ነው። መርከቡ ላይ በስማችሁ የተቀመጠ ሂሳብ በሉት። በካርድ ፖይንት ወይም በስጦታ የተገኘው ዓይነት በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ አይመለስም። የመጨረሻው ማታ ካለፈ የተረፈው ይቃጠላል።

ጠንቃቃ ሰው ምን ያደርጋል? ቲፑን፣ የመጠጥ ፓኬጁን፣ ዋይፋዩን፣ የወደብ ላይ ሽርሽሩን ሁሉ ቤቱ ሆኖ ይከፍላል። ከዚያ 250 ዶላር ክሬዲት ይዞ ይሳፈራል። አሁን በምን ይጨርሰው? በመጨረሻው ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ሽቶና መርከቡ የታተመበት ቲሸርት የታቀፈ ሰው ካያችሁ፣ ነገሩ ገብቷችኋል።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ። የመጠጥ ፓኬጅና ዋይፋይ ከመሳፈር በፊት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ስለዚህ እሱን ቀድማችሁ ግዙ። ቲፑን ግን አትክፈሉ፣ ለክሬዲቱ ተዉለት። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ቲፕ ያስባሉ። 18 ዶላር ብንይዝ ለአራት ሰው ለ7 ሌሊት 504 ዶላር ይመጣል። 250ው ግማሹን ጸጥ አድርጎ ይበላዋል። ክሬዲቱ ለቲፕ እንደሚሆን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ቀን መቁጠሪያ እዩ። ልጆች ትምህርት ሲዘጉ፣ ነሐሴ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሄደው። ያ ፍልሰታ ነው። ክሬዲቱን ለስቴክ ቤት አስይዛችሁት በጾም ወንበር ላይ ተቀምጦ ድንች መብላት ያናድዳል። ዋናው መመገቢያ አዳራሽ የቪጋን ምግብ ያቀርባል፣ እሱም በዋጋው ውስጥ ነው።

ፖይንቱን ለዕቃና ለስጦታ ካርድ መስጠት

ዝርዝሩ ውስጥ ሻንጣ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የስጦታ ካርድ ይኖራል። ዋጋውን በፖይንቱ አካፍሉት። 70 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ 10,000 ፖይንት ከጠየቃችሁ አንዷ ፖይንት 0.7 ሳንቲም ሆነች ማለት ነው። ከ1 ሳንቲም በታች ከሆነ ዝለሉት።

ሁለቱን ፖይንት ማምታታት

የካርዱ ፖይንት ሌላ ነው፣ የደንበኝነት ደረጃ ፖይንት ሌላ። የሮያል ካሪቢያን የደረጃ ፖይንት በሌሊት ነው የሚቆጠረው፤ በመደበኛ ክፍል ለአንድ ሌሊት 1፣ በስዊት 2። ዳይመንድ የሚባለው ደረጃ ላይ ለመድረስ 80 ያስፈልጋል። ካርዱ ላይ 80,000 ፖይንት ስላጠራቀማችሁ ዳይመንድ አትሆኑም።

ወረቀት ሳያዩ ፖይንት ማቃጠል

ይሄኛው ከገንዘብም በላይ ነው። ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች አንድ በአንድ ማየት አለበት። ሜክሲኮ፣ ካናዳና ባሃማስ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ቪዛ አይጠይቁም። ሁሉም ወደብ ግን እንዲህ አይደለም። ፓስፖርታችሁም ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። እሱን ማሳደስ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ፖይንት ከመመንዘራችሁ በፊት አገላብጡት። ወደቡ ላይ ወረቀት ጎድሎበት የተመለሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡም ክሬዲቱም ቀረ ማለት ነው።

የጥገኝነት ጥያቄያችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። «አላስካ እኮ አሜሪካ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች በአብዛኛው የውጭ አገር ባንዲራ የያዙ ናቸው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ መርከብ ከአሜሪካ ተነስቶ አሜሪካ ሲመለስ መሐል ላይ የውጭ ወደብ እንዲነካ ያስገድደዋል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ላይ የሚቆሙት። መርከቡ ቪክቶሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ ወጥታችኋል። አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይዝ የወጣ አመልካች ጥያቄውን እንደተወው ይቆጠራል፣ መመለሱም ራሱ አጠራጣሪ ነው። ጠበቃችሁን ሳታነጋግሩ እግራችሁን መርከብ ላይ አታንሱ። ጉዞው በነጻ ቢመጣ እንኳ።

ቤት ሊገዙ ሲሉ ካርድ ማውጣት፣ ወይም ቸኩሎ መዝጋት

ሞርጌጅ ልታመለክቱ ከሆነ ለ250 ዶላር ቦነስ ብላችሁ አዲስ ካርድ አታውጡ። ማመልከቻው ክሬዲት ሪፖርታችሁ ላይ ለ2 ዓመት ይታያል፣ ነጥባችሁንም ለጊዜው ይቀንሰዋል። አበዳሪው ባንክም «ይሄ አዲስ ሂሳብ ምንድን ነው?» ብሎ ደብዳቤ ሊያጽፋችሁ ይችላል።

ካርዱ ከሰለቻችሁ ደግሞ ፖይንቱን ሳትመነዝሩ አትዝጉት። ሂሳቡ ሲዘጋ በአብዛኛው ፖይንቱም አብሮ ይጠፋል። ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው ግን መዝጋቱ ራሱ አያስፈልግም። በዓመት አንዴ ሁለቴ ትንሽ ነገር ግዙበት፣ ሙሉውን ክፈሉ፣ መልሳችሁ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት።