ካንዴላ ተቀይሮ ቱርቦ መኪና ሲያንኳኳ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ካንዴላ፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ መቀየር ቀላል ሥራ ነው ይባላል። ቱርቦ ለሌላት ቪትዝ፣ አዎ። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን አምቆ ነው የሚያስገባው፣ ስለዚህ ሌላው መኪና ችሎ የሚያልፈውን ጥፋት እሱ አይምርም። «ካንዴላ ከቀየርኩ ወዲህ ዳገት ላይ ቅርርር ይላል» የሚል ሰው ሲመጣ (ማንኳኳት የምንለው ይህን፣ ነዳጁ ያለጊዜው ሲቀጣጠል የሚሰማውን ድምፅ ነው)፣ ኮፈኑን የምከፍተው እነዚህን እያሰብኩ ነው።

«ጥርሱ ከገባ ይሠራል» ማለት

ይህን አባባል የጀመረው ሰው ቢገኝ ስንት ፒስቶን እንዳስበላ ባስቆጠርኩት። የተለመደው እንዲህ ነው። መካኒኩ አሮጌውን ካንዴላ ፈትቶ ለረዳቱ ይሰጠዋል። ልጁ ወደ ሶማሌ ተራ ይሮጥና ባንኮኒ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ አለ?» ይላል። ባለሱቁ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አቁሞ ቁመቱን ያያል፣ ጥርሱን በጥፍሩ ይዳብሳል። «ውሰድ የኔ ልጅ፣ ያው ነው።» ያው አይደለም! ነጩ ሸክላ ላይ የተጻፈውን ሁለቱም አላነበቡትም፣ ዋናው ወሬ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

በፊደሎቹ መሀል ያለው ቁጥር የካንዴላውን የሙቀት ደረጃ ይናገራል። ቀዝቃዛ የሚባለው ከጫፉ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ክዳን) ያስተላልፋል፣ ሞቃት የሚባለው ያቆየዋል። ጫፉ ወደ 450 ዲግሪ ካልደረሰ ካርቦን ይይዛል። ከ850 ገደማ ካለፈ ደግሞ እንደ ፍም ይቀላና ብልጭታው ሳይመጣ ነዳጁን ራሱ ያቀጣጥለዋል። ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ እሳት ይገጥመዋል ማለት ነው። ቱርቦ ሞተር ብዙ ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ካንዴላ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ጉዱ ደግሞ ቁጥሩ ላይ ነው። ኤንጂኬና ዴንሶ በሚባሉት የካንዴላ ብራንዶች ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው። በቦሽ ተቃራኒው ነው። የኤንጂኬ 6 ከዴንሶ 20 ጋር፣ 7 ደግሞ ከ22 ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ «ድሮም 7 ነበር፣ ይኸው 7» ብሎ ከኤንጂኬ ወደ ቦሽ የተሻገረ ሰው ሳያውቀው ወደ ሞቃቱ ሄዷል፣ ከዚያ ቤንዚኑን ይረግማል።

በዚያ ላይ ለናሙና የተወሰደው አሮጌው ካንዴላ ራሱ ልክ መሆኑን ማን ነገረህ? መኪናው ስንት እጅ ዞሮ ነው የደረሰህ። የመኪናውን መጽሐፍ እይ፣ ከሌለ በሻንሲ ቁጥር አስፈልግ። ቁመቱም ቢሆን የዓይን ሥራ አይደለም። 19 ሚሊሜትር ጥርስ ያለውና 26.5 ያለው ዲያሜትራቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ረጅሙ ያለቦታው ከገባ ጫፉ ወደ ውስጥ ይወጣና ወይ ይግላል ወይ ፒስቶኑ ይመታዋል።

በክንድ ግምት ማሰር

ሰው የሚፈራው ማጥበቁን ነው፣ የአሉሚኒየም ጥርስ ይበላብኛል ብሎ። ልክ ነው፣ ይበላል፤ በተለይ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ የሚፈታ ሰው ይበላበታል። ግን የላላ ካንዴላም ያንኳኳል። ሙቀቱን ለቴስታታው የሚያስረክበው በመቀመጫው በኩል ነው፣ መቀመጫው በደንብ ካልተጫነ ጫፉ ይግላል። ሮንዴላ (መቀመጫው ላይ ያለች የብረት ቀለበት) ያለው 14 ሚሊ ካንዴላ በአሉሚኒየም ላይ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር፣ 12 ሚሊው ከ15 እስከ 20 ይበቃዋል። የመኪናህ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ስማ። ቶርክ መፍቻ ከሌለህ አዲሱን በእጅ እስኪቆም አዙረህ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ ጨምር። ሮንዴላ የሌለው፣ መቀመጫው ሾጣጣ የሆነው ግን 1/16 ዙር ብቻ ነው። እሱን ግማሽ ዙር ከሰጠኸው እግዜር ይሁንህ።

ጥርሱን ግሪስ መቀባትም ይቅር። ስለሚያንሸራትት ሳታውቀው ከልክ በላይ ታጠብቃለህ።

የወደቀ ካንዴላ አንስቶ መግጠም

ሸክላው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊሆን ይችላል። ጣለው፣ ዋጋው ቢያናድድም።

ክፍተቱን መክሰስ

ብልጭታው የሚዘልበት፣ ካንዴላው ጫፍ ላይ ያለው ክፍተት ሲሰፋ መኪናው ጉልበት ሲጠየቅ ይቆራርጣል እንጂ በአብዛኛው አያንኳኳም። ብዙ ቱርቦዎች 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ይፈልጋሉ። ኢሪዲየም ከሆነ መሀለኛዋን ቀጭን ዘንግ በምንም ነገር አትጫናት፣ ትሰበራለች።

እጅ የነካውን ሌላ ነገር መርሳት

ካንዴላው ጋ ለመድረስ ምን ፈታህ? የአየር ቱቦ፣ ማሰሪያ፣ ሶኬት። የቱቦው ጎማ ከማሰሪያው ሾልኮ ያልተቆጠረ አየር ከገባ ነዳጁ ይሳሳል፣ የሳሳ ደግሞ ያንኳኳል። የኖክ ሴንሰሩ፣ ማለትም ማንኳኳቱን የሚያዳምጠው መሣሪያ፣ ሶኬት ተነቅሎ ከቀረ ኮምፒውተሩ ጆሮ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ቼክ ኢንጂን ያበራል፣ ሰው ግን በመብራቱ ተላምዶ ያልፈዋል። ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ዘይት ወይም አቧራ ይዞ ከነበረም ሳይነፋ የተፈታ እንደሆነ ሁሉም ወደ ሲሊንደሩ ገብቷል። በኮምፕረሰር መንፋት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ቤንዚኑን አለመጠየቅ

ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ነጭ ጋዝ ካለበት ኦክቴኑ፣ ማለትም ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ፣ ወርዷል። ካንዴላው የተቀየረውና ጀሪካኑ የተገለበጠው በአንድ ሳምንት ከሆነ ካንዴላውን ብቻ አትጠርጥር።

«አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ አያንኳኳም» የሚሉም አሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ይጠቀማል። ቱርቦው ግን የጎደለውን አየር ለማሟላት የባሰ ይሽከረከራል፣ የሚልከውም አየር ይሞቃል። እዚህ ዝም ያለ መኪና አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ ሙቀት ሲወርድ ማንኳኳት ቢጀምርም አይግረምህ።

በከፍተኛ ማርሽ ዳገት መግፋት

ለመፈተን ብለው ከለገሃር በቸርችል ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በአራተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያቃሰተ፣ ነዳጁን እስከ ወለል ይረግጣሉ። ትንንሾቹ ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ ቱርቦዎች በጣም የሚጠሉት ይህን ነው። በዝቅተኛ ዙር ከፍተኛ ጭነት ሲመጣ ያለጊዜው የሚነሳ እሳት አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ኳ!» ብሎ የፒስቶን ቀለበት መቀመጫ ሊሰብር ይችላል። ማርሽ ቀንስ። ዘይቱም ወሳኝ ነው፤ ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ያወጣቸው የዘይት ደረጃዎች ኤስኤን ፕላስ በ2018፣ ኤስፒ ደግሞ በ2020 (በፈረንጅ) ሲወጡ ይህን ችግር መቀነስ አንዱ ዓላማቸው ነበር። ጣሳው ላይ ኤስፒ መጻፉን እይ።

አሮጌዎቹን መጣል

አትጣላቸው። በሲሊንደር ቅደም ተከተል አስቀምጣቸው። ደህና ከሆኑ መልሰህ ግጠምና ያንኑ ዳገት በቀስታ ውጣ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ አዲሶቹ ላይ ወይም አገጣጠማቸው ላይ ነው። ካልጠፋ ወደ ቱቦው፣ ወደ ሶኬቱ፣ ወደ ቤንዚኑ ሂድ። ይህን ሳያደርጉ በግምት ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ሁሉንም ድምፅ አንድ ማድረግ

ነዳጅ ስትረግጥ ብቻ የሚመጣ ቀጭን ቅርርርታ እስካሁን ያወራሁት ነው። «ችስ ችስ» የሚል ድምፅ፣ ከኮፈኑ በላይ የሚሰማ፣ የላላ ካንዴላ የሚያስተነፍሰው አየር ሊሆን ይችላል። ቆሞም የሚሰማ፣ ከዙሩ ጋር የሚፈጥን ወፍራም ኳኳታ ግን የብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) ይመስላል፣ ከካንዴላው ጋር የተገናኘው በአጋጣሚ ነው። ይህን ከሰማህ ወዲያው አጥፋና የዘይት መለኪያውን አውጣ። ዘይቱ ልክ ሆኖም ካንኳኳ እንደገና አታስነሳው፣ ጋራዥ ድረስ ይጎተት።